ባል ወይም ሚስት ከሞተ በኋላ፦ ያለፈውን ዓመት እንዴት እንገምግም፣ መጪውንስ እንዴት እናቅድ?

ነሐሴ ሲያልቅ ጅማ ገና ከዝናቡና ከጭቃው አልወጣችም፤ ሰዉ ግን ስለ አዲስ ዓመት ማውራት ይጀምራል። «ለመጪው ዓመት ምን አሰብሽ?» «ምን አቀድክ?» ይባላል። ለሌላው ቀላል ወሬ ነው። ባሏን ለቀበረች፣ ሚስቱን ለቀበረ ግን ከባድ ጥያቄ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚታቀደው «እኛ» ተብሎ ነበርና።

ይህ መመሪያ ለእነሱ ነው። እኔም በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ሴት ነኝ። ምሳሌዎቼ ወደ ሚስቶች ቢያደሉ ወንዶች አትቀየሙኝ፤ ለእናንተም አለኝ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ ሌላውን ብትረሱት እንኳ ይህን ያዙ። ትዳር ፍቅር ብቻ ሳይሆን የሥራ ክፍፍልም ነው። አንዱ ሲሞት የእሱ ሥራ አብሮት አይቀበርም፤ ድንኳኑ ሳይነሳ በቀሪው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ዓመቱን ስትገመግሙ «ምን አሳካሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ምን ተረከብኩ?» ብላችሁ ጀምሩ። ቀሪው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

1. ጊዜና ቦታ ምረጡ

ከሞተ 3 ወር ያልሞላው ከሆነ የዓመት ዕቅድ አያስፈልጋችሁም። አርባውን ሰማንያውን ውጡ። ኢዳ ላይ፣ ማለትም በእስልምና ባሏ የሞተባት ሴት በምትቆይበት ጊዜ ላይ ያላችሁ እህቶችም 4 ወር ከ10 ቀናችሁን በሰላም ፈጽሙ። እስከዚያ ድረስ መብላት፣ መተኛትና ልጆቹን ትምህርት ቤት መላክ በቂ ዕቅድ ነው።

ከዚያ ላለፋችሁ ጳጉሜን ጥሩ ጊዜ ናት። 5 ቀን ናት፣ በየ4 ዓመቱ 6፤ ብዙ ሥራም አይበዛባትም። መስከረም 1 ቀን ግን አትሞክሩት። ልጆች አበባ ይዘው የሚመጡበት፣ ስልክ የማያርፍበት ቀን ነው፤ ሆድም ይብሳል። ሙት ዓመቱ የሚውልበትን ሳምንትም እለፉት። በሂጅራ የምትቆጥሩ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሱ፦ የሂጅራ ዓመት 11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ቀኑ ስልካችሁ ላይ ካለው ቀድሞ ይመጣል። ሳታስቡት እንዳይደርስባችሁ ሁለቱንም ቀን ምልክት አድርጉበት።

ከቤት ውጡ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ መጻፍ ከባድ ነው፤ አንድ ገጽ ሳትጨርሱ ጎረቤት ይገባል፣ ወይም ዓይናችሁ ፎቶው ላይ ይቀራል። ጠዋት ወደ ጅሬን ሽቅብ ብትወጡ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ከተማውን ቁልቁል እያያችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ። ቦዬ ረግረግ በኩል መሄድም ይቻላል፤ ጉማሬ ስላለ ወደ ውሃው አትጠጉ እንጂ። ከሰዓት በኋላ የክረምቱ ዝናብ አይታመንም፣ በጠዋት ጨርሱ። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ስልክ ላይ መጻፍ አልመክርም፤ አንድ ሰው ይደውላል፣ ከዚያ በቃ።

2. ዓመቱን በወር በወር መልሱት

ሐዘን ነገር ያምታታል። ባለፈው ዓመት ምን እንዳደረጋችሁ ብትጠየቁ «ምንም» ትላላችሁ። እውነት አይደለም። ምንም ያላደረገ ሰው ቤት ልጅ አይመገብም፣ መብራት አይበራም።

ስለዚህ በትውስታችሁ ብቻ አትመኑ፤ ማስረጃ ሰብስቡ። የቴሌብርና የባንክ መልእክቶችን፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኞችን፣ የእድር ደብተሩን፣ የሐኪም ቤት ካርዶችን፣ ስልክ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች አውጡ። ከዚያ ከመስከረም ጀምራችሁ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ወይም ሁለት መስመር ጻፉ። ማሳመር አያስፈልግም። እንዲህ ዓይነት ነገር ይበቃል፦

«ጥቅምት፦ ቡናው ደረሰ፣ ለቃሚ የቀጠረልኝ ዋርሳዬ (የባሌ ወንድም) ነው። በስንት እንደሸጠው አልጠየቅኩም።»
«ጥር፦ ፍርድ ቤት ሁለቴ ተመላለስኩ። ትንሹ ልጅ ታመመ።»
«ሐምሌ፦ ጣራው አፈሰሰ። ቆርቆሮ ገዝቼ ሠራተኛ ቀጠርኩ፣ እኔ!»

ያቺን «እኔ!» አትሰርዟት።

አንዳንድ ወር ባዶ ይሆናል። ባዶ ይሁን። «አላስታውስም» ብላችሁ ጻፉና እለፉ።

3. የተረከባችሁትን ሥራ ዘርዝሩ

ዋናው እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ። አንድ ሙሉ ገጽ ላይ ሟቹ ይሠራው የነበረውን ሁሉ ጻፉ። ትልቁንም ትንሹንም።

ባል የሞተባቸው ብዙውን ጊዜ የሚረሱት እንዲህ ያለውን ነው፦ የእድር ስብሰባ የሚሄደው ማን ነበር? እቁቡን የሚጥለውስ? ራቅ ያለ ቦታ ለቅሶ ሲኖር ቤተሰቡን ወክሎ የሚደርሰው? ከቡናው ገዢ ጋር ዋጋ የሚከራከረው? ቧንቧ ሲፈነዳ የሚደወልለትን ሰው ስልክ የያዘው? ጎረምሳው ልጅ አምሽቶ ሲገባ በር ላይ የሚጠብቀው?

ሚስት የሞተባችሁ ደግሞ ወጥ ቤቱን ብቻ አትዩ። በርበሬ መቼ እንደሚዘጋጅ፣ ጤፉ ስንት ሳምንት እንደሚበቃ፣ የሕፃኑ ክትባት የትኛው እንደቀረ፣ የማን ቤት አራስ ጥየቃ እንደሚኬድ፣ የትኛዋ አክስት እንደተቀየመችና ማን እንደሚያስታርቃት፣ ሴት ልጃችሁ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ማን እንደሚያናግራት፤ ይህ ሁሉ የእሷ ሥራ ነበር። ወንዶች ይህን ዝርዝር ሲጽፉ ሁለተኛው ገጽ ላይ መድረሳቸው ያስደነግጣቸዋል። ይደንግጡ፣ ጥሩ ነው።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ፊት ከእነዚህ አንዱን ጻፉ፦ «እኔ እይዛለሁ»፣ «ለሌላ እሰጣለሁ»፣ «በገንዘብ አሠራለሁ»፣ «ይቅር»።

ብዙ ሰው «ይቅር» ማለት ይፈራል። ግን አስቡት፤ አንድ ሰው የሁለት ሰው ሥራ እንደ ድሮው አድርጎ መሥራት አይችልም፣ ስለዚህ አንድ ነገር መቅረቱ አይቀርም፤ ወይ እናንተ መርጣችሁ ታስቀሩታላችሁ፣ ወይ ደግሞ ሳትመርጡ ጤናችሁ ይቀራል። ሁለት እቁብ ከነበረ አንዱ ይቅር። በየሳምንቱ ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰበው እናንተ ቤት ከነበረ በዓል በዓል ብቻ ይሁን። እድር ግን እንዳታስቀሩ፤ እሱ ቢዘገይ እንጂ አይቀርም።

«ለሌላ እሰጣለሁ» ያላችሁት ላይ የሰው ስም ጻፉ። «ቤተሰብ» ማለት ስም አይደለም። ለቅሶው ላይ «ምን ልርዳሽ?» ያሉ ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ከልባቸው ነው፣ የሚጠይቃቸው ስላጡ ነው የጠፉት። አሁን ሂዱና ተለይቶ የታወቀ ነገር ጠይቁ፦ «ጋሼ፣ የልጁን ትምህርት ቤት ስብሰባ ዘንድሮ እርስዎ ቢሄዱልኝ?» እንዲህ ሲባል እምቢ የሚል አላጋጠመኝም።

አንድ ዓይነት ሥራ ደግሞ አለ፤ ለማንም አይሰጥም፣ በገንዘብም አይሠራም። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የዋላችሁበትን የምትነግሩት ሰው። ስታመነቱ «በይ አድርጊው» የሚላችሁ። ይህን ለብቻው ጻፉት፣ ከፊቱ ምንም አትጻፉ።

ልጆች ካሉም አስገቧቸው። «አባዬ ከሚሠራው ነገር የትኛው ነው የናፈቃችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከምታስቡት ያነሰ ነገር ይሆናል፤ ቅዳሜ ጠዋት ይዟቸው መርካቶ መውረዱ፣ ወይም ደብተራቸውን መሸፈኑ። እንዲህ ያለው ደግሞ ሊመለስ ይችላል።

4. ወረቀቱን ጨርሱ

ይህ ክፍል ደረቅ ነው። ግን የብዙ ሰው ዓመት የሚበላሸው እዚህ ነው።

የሞት የምስክር ወረቀት አላችሁ? ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ካለፋችሁም ሂዱና ጠይቁ፣ ዘግይቶም ይመዘገባል። ያለዚህ ወረቀት ባንኩም ጡረታውም ፍርድ ቤቱም አያናግራችሁም።

ቀጥሎ ውርስ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ባል ለሚስት፣ ሚስት ለባል ወራሽ አይደሉም። መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው። ይህን ሰምታችሁ እንዳትደነግጡ፤ በትዳር ውስጥ የተፈራው የጋራ ንብረት ግማሹ ውርስ አይባልም፣ ከመጀመሪያውም የእናንተ ነው። ውርስ የሚባለው የሟቹ ግማሽና የግሉ ንብረት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ዘመድ መጥቶ «ቤቱ የወንድሜ ነው» ቢላችሁ ቶሎ ብላችሁ ምንም ነገር ላይ አትፈርሙ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ባይኖራችሁ እዚያ ሂዱ። ወራሾቹም የወራሽነት ማረጋገጫቸውን ከፍርድ ቤት ያውጡ። እስከዚያ በሟቹ ኤቲኤም ካርድ ወይም ቴሌብር ገንዘብ ማውጣት ይቅርባችሁ፣ ኋላ ክስ ያመጣል።

ሟቹ ጡረታ የሚያስገኝ አገልግሎት ከነበረው የቀሪው የትዳር አጋር ድርሻ የአበሉ 50 በመቶ ነው፤ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ። በራሱ አይመጣም፣ መጠየቅ አለበት።

የቀረውን ባጭሩ፦ የእድሩን ስም ወደ ራሳችሁ አዙሩ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪ በማን ስም እንደሆነ እዩ። የቡና መሬት ካለ የይዞታ ደብተሩ የት እንደተቀመጠ እወቁ፤ «ዋርሳዬ ጋር ነው» ከሆነ መልሱ፣ በፍቅር ተመልሶ እናንተ እጅ ይግባ። ብድር የሰጠውንና የወሰደውን ጻፉ። ያላለቀው ሁሉ ወደ ክፍል 6 ይሻገራል።

5. ስሜቱንም እዩት፣ ግን አትለኩት

በወሮቹ ዝርዝር ላይ ከባድ የነበሩትን ቀኖች አክብቡ። ብዙ ጊዜ ሙት ዓመቱና በዓሎቹ ብቻ አይሆኑም፤ የአዘቦት ማክሰኞም ሊሆን ይችላል። የተከበቡትን ስታዩ የሚደጋገም ነገር ታገኛላችሁ፤ ለምሳሌ እሁድ ከሰዓት፣ ወይም የደመወዝ ቀን። ለመጪው ዓመት እነዚያን ሰዓቶች ከሰው ጋር ለመሆን ያዟቸው።

«ሐዘን 5 ደረጃ አለው፣ አንቺ የትኛው ላይ ነሽ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ያ አሳብ በ1969 እ.ኤ.አ. ኤልዛቤት ኩብለር-ሮስ የጻፈችው ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈውም ለመሞት በተቃረቡ ሕሙማን ላይ ተመሥርቶ እንጂ ስለ ቀሪዎቹ አልነበረም። መሰላል አይደለም፤ ወደ ኋላ ተመለስኩ ብላችሁ አትጨነቁ። እኔ የበለጠ የሚመቸኝ ስትሮቤና ሹት የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ያሉት ነው፦ ሐዘንተኛ በሁለት ነገር መሃል ይመላለሳል፤ አንዴ ያጣውን ያለቅሳል፣ አንዴ ኑሮውን ያስተካክላል፣ መመላለሱም ጤነኛ ነው። እናቶቻችን ለቅሶ ውለው ማታ ሊጥ ሲያቦኩ ያደረጉት ይኸው ነው።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። ዓመት አልፎም በየቀኑ ልክ እንደ መጀመሪያው ሳምንት ከሆነ፣ ሥራ መሥራትና ልጅ መያዝ ካቃታችሁ፣ የሐኪም እርዳታ የሚፈልግ ነገር ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «እብድ ይሉኛል» ብላችሁ አትቅሩ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ሐኪሙም ይታይ። «ተከትዬው ብሄድ» የሚል አሳብ የሚመላለስባችሁ ከሆነ ደግሞ ደብተሩን ዝጉትና ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገሩ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።

6. ግብ፦ ከ3 አይበልጥ፣ እስከ ገና

ዓመቱን ሙሉ አታቅዱ። ከመስከረም እስከ ገና 4 ወር ገደማ ነው፤ ይበቃል። ግቦቹንም ከየትም አታምጡ፣ ከክፍል 3ና ከክፍል 4 ዝርዝር አውጡ።

«ጠንካራ እሆናለሁ» ግብ አይደለም። «ልጆቼን በደንብ አሳድጋለሁ»ም አይደለም። ማን፣ ምን፣ መቼ የሚል ካልተመለሰ ምኞት ነው። እንዲህ ይሁን፦

«ዘንድሮ ቡናው ሲደርስ ለቃሚዎቹን የምቀጥረው እኔ ነኝ። የለቀሙትን ሲመዘን እዚያው እቆማለሁ። ዋርሳዬ አብሮኝ ይሁን፣ ሂሳቡን ግን እኔ እጽፋለሁ።» ይህ ጥሩ ግብ ነው። አጥብቃችሁ እንድትይዙትም እመክራለሁ፤ በእኛ አካባቢ ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ እስከ ገና ድረስ ውጤቱ ይታያል። ደግሞ መሬቱን ሳታውቁት ሌላ ሰው ሲያስተዳድረው በቆየ ቁጥር መልሶ መያዙ ይከብዳል። ያረጀውን ቡና ለመጎንደል፣ ማለትም ግንዱን ቆርጦ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ለማድረግ ያሰባችሁ ከሆነ ግን ሁሉንም ባንዴ አትንኩት። የተጎነደለ ቡና እንደገና እስኪሰጥ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ አንድ ደመወዝ ብቻ በቀረበት ቤት ያ ረጅም ነው። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት።

ሁለተኛው ግብ ከወረቀቱ ይሁን፣ አንድ ብቻ፦ «እስከ ኅዳር መጨረሻ የጡረታውን ማመልከቻ አስገባለሁ።» ሦስተኛው ለራሳችሁ ይሁን። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። «ግፊቴን በወር አንዴ እለካለሁ» ሊሆን ይችላል። «ሐሙስ ማታ እህቴ ቤት ቡና እጠጣለሁ» ሊሆን ይችላል። ወንዶች፣ ለእናንተ «ሽሮ መሥራት እማራለሁ» ቢሆን ማንም አይስቅባችሁም። ቢስቅም ትበላላችሁ።

7. «ዘንድሮ የማልወስነው» የሚል ገጽ

ይህ ገጽ ከግቦቹ እኩል ያስፈልጋል። ቤት መሸጥ፣ ጓዝ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ልጆች ጋር መግባት፣ ለዘመድ ትልቅ ገንዘብ ማበደር፣ እንደገና ማግባት። የሚቻላችሁ ከሆነ እነዚህን እዚህ ላይ ጻፏቸውና ለሚጠይቃችሁ ሁሉ «ዘንድሮ አልወስንም» በሉ። ምክንያት መስጠት የለባችሁም። ወንዱን ገና በሰማንያው «ቤት ያለ ሴት አይሆንም» እያሉ ያጣድፉታል፣ ሴቲቱን ደግሞ ከ10 ዓመት በኋላም «ምነው ቸኮለች» ይሏታል። ሁለቱም የሰው ወሬ ነው፤ ደብተራችሁ ውስጥ አይግባ።

የሟቹ ልብስ ቀን የለውም። ስትችሉ።

ጥቁር ልብስም እንደዚያው፤ ግን አማት ካለች ከሰው እንድትሰማው አታድርጉ። ቀድማችሁ ሂዱና «እማዬ፣ ልቤ አልወጣም፤ ግን ልጆቹ በጥቁር እያዩኝ ከብዷቸዋል። እርስዎ መርቀውኝ ላውልቀው» በሏት። ብታለቅስም አብራችሁ ታለቅሳላችሁ። ቅሬታ ግን አይተርፍም።

8. የሙት ዓመቱን ገንዘብ አስቀድሙ

ሙት ዓመቱ ገና ካልደረሰ ከ3 ወር በፊት ቤተሰብ ሰብስቡ። ለተዝካር ብሎ የሚበደር ሰው አለ፤ ዕዳውን ኋላ የሚከፍሉት ልጆቹ ናቸው። የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ ጸሎቱ ሌላ ነው፣ ድግሱ ሌላ ነው። ሰደቃም በአቅም ነው። ስንት ብር እንዳላችሁ መጀመሪያ እናንተ ተናገሩ፣ ከዚያ ሌላው ይጨምር። ቀድማችሁ ካልተናገራችሁ የበሬውን ዋጋ ሌላ ሰው ይወስንላችኋል።

9. መቼ ትመለሱበታላችሁ

የገና ሳምንት ደብተሩን እንደገና ክፈቱ። 3ቱን ግቦች እዩ። ያለቀውን ሰርዙ። ያላለቀውን «ለምን?» ብላችሁ አትመርምሩ፤ «ማን ይያዝልኝ?» ብላችሁ የተረከባችሁትን ዝርዝር እንደገና ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ «እኔ እይዛለሁ» ካላችሁት ውስጥ አንድ ሁለቱ ወደ «ለሌላ እሰጣለሁ» መዞር አለባቸው። ከዚያ እስከ ፋሲካ የሚሆን አዲስ 3 ጻፉ፤ ረመዳን በመሃል የሚገባባችሁም ለእሱ ወር ምንም አታቅዱ። ደብተሩን ለአንድ ሰው አሳዩ፤ እህት፣ ጓደኛ፣ ወይም እንደ እናንተው ትዳሩን በሞት ያጣ ጎረቤት። ያ ሰው ቢቻል ከሟቹ ወገን አይሁን፤ ቢወዳችሁም የራሱ ሐዘን አለበት።